ጣሪያዋ አልዘጋም ያለች የሠርግ መኪና፦ ከወራት በኋላ የምለው

ስለ ሞተሯ ብዙ አልልም። ይነሳል፣ ይሄዳል፣ የሐረጎን ዳገት ያለ ጭንቅ ይወጣል። ፍሬኗ ጥሩ ነው። ወንበሯ ይመቻል። ዝቅ ያለች ስለሆነች ኮብልስቶን ላይ ሆዷ ይነካል፤ እሱንም ለምጄዋለሁ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ጣሪያዋ ነው። ኮንቨርቲብል፣ ማለትም ጣሪያው የሚከፈት መኪና፣ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ጣሪያውን ነው። የቀረው ሌላም መኪና ላይ አለ።

ሥራዬ የሠርግ ዲኮር ነው። ደሴ ላይ ቅዳሜ ኒካህ፣ እሑድ ተክሊል የሚገጥምበት ሳምንት ብዙ ነው። የዘንድሮ ሙሽሮች ደግሞ ከአበባው በፊት የሚጠይቁት መኪናውን ነው። ክፍት መኪና ላይ ቆሞ ፒያሳን መዞር፣ ሐይቅ ወርዶ ውሃው ዳር ፎቶ መነሳት ይፈልጋሉ። ኪራዩ ጥሩ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄጄ ያገለገለች፣ ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነ፣ በበተን የምትከፈትና የምትዘጋ መኪና ገዛሁ።

ያገናኘን ደላላ ያለኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «የኔ እህት፣ ጣትሽን ማሳረፍ ብቻ ነው። ጣሪያው የቀረውን ራሱ ያውቃል።» ቀጠለና «አሁን እኮ የነዳጅ መኪና አይገባም። እንዲህ ያለች ሁለተኛ አታገኚም» አለኝ። ይኼኛውስ እውነት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ግን ወንድሜ፣ ቢጤዋ ካልገባች መለዋወጫዋን ማን ብሎ ያስመጣል? እሱን ስታወራ ድምፅህ ለምን ዝቅ አለ?

በጋውን በሰላም ሠራች። የጥር ሠርግ አለፈ፣ የፋሲካ ማግስቱም አለፈ። ጉዷ የወጣው ክረምት ሲገባ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ከለበሰ ደሴ ላይ ቀልድ እንደሌለ የኖረበት ያውቃል።

ኒካህ ነበር። ሙሽሮቹን አሳፍሬ ገና ከሰፈር ሳልወጣ ጠብ ጠብ አለ። መኪናዋን አቆምኩና በተኑን ተጫንኩ። የጎን መስታወቶቹ ትንሽ ዝቅ አሉ። ከዚያ ዝም። ደግሜ ተጫንኩ። ዝም። ሚዜዎቹ ሁሉም መካኒክ ሆኑ። አንዱ «አጥፊና አስነሺው» ይላል። አንዱ «ፊውዝ ነው» ይላል። አንዱ ጭራሽ ጨርቁን በእጁ ሊጎትት ተነሳ። በመጨረሻ ከድንኳኑ ሸራ አምጥተው አለበሷት። ሙሽራዋ ትስቅ ነበር። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ትንሽዬ የኮምፒውተር መመርመሪያውን ሰካና «ምንም አያሳይም» አለኝ። እንዴት ያሳይ? ያ መሣሪያ የሚያነበው የሞተርን ጥፋት ነው። ጣሪያው የራሱ መቆጣጠሪያ አለው፤ እሱን ለማንበብ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ልጁ ግን አልተቸገረም። «ፓምፑ ሞቷል። ከዱባይ ይምጣ» ብሎ ፈረደ። የጠራው ዋጋ ስንት ወር የሠርግ ኪራይ እንደሚበላ በልቤ አስልቼ ተውኩት።

አንተ ፓምፑ ሞቷል ያልከኝ ልጅ፣ እስኪ እንነጋገር። ፓምፑ ያለው ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ጎን ነው። በተኑ ሲነካ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱ ሲሊንደሮቹን ያንቀሳቅሳል፤ ሲሊንደሮቹ ጣሪያውን ያነሳሉ። ድምፁ እየተሰማ ጣሪያው ካልተነሳ፣ ወይም መንገድ ላይ ከቆመ፣ ዘይት ጎድሏል፣ የሚያፈስ አለ፣ ወይም የተያዘ ነገር አለ ይባላል። ድምፁ ጭራሽ ካልተሰማ ግን ፓምፑ መሞቱን በምን አወቅህ? «ተነሳ» ያለውስ ማን ነው? ፊውዙን አየህ? ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ሪሌ አየህ? ፓምፑ ላይ መብራት መድረሱን በቴስተር ለካህ?

የጎን መስታወቶቹ ዝቅ ማለታቸው ራሱ ምልክት ነበር። በተኑ ይሠራል ማለት ነው። ትእዛዙ መቆጣጠሪያው ጋ ደርሷል። መቆጣጠሪያው ግን እሺ አላለም። እሺ የሚለው ደግሞ መኪናው ላይ ያሉ ማሳወቂያዎች (ሴንሰሮች) ሁሉ ሲስማሙ ነው። የኋላው ኮፈን ተዘግቷል? ዕቃው ከጣሪያው ማጠፊያ የሚለየው መጋረጃ ቦታው ላይ ነው? መኪናዋ ቆማለች? ባትሪው በቂ ጉልበት አለው? አንዱ «አይ» ካለ ነገር ዓለሙ ይቆማል። እኔ መጋረጃውን አይቻለሁ፤ ቦታው ላይ ነው። ሞተሩም እየሠራ ነበር፤ ስለዚህ ባትሪውን አልጠረጠርኩም።

መፍትሔው የተገኘው ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ በባቲ በኩል ሚሌ የሚወርዱ ከባድ መኪናዎች ማለፊያ ስለሆነች የመኪና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው አይጠፋባትም። የሰፈሩ ሰው አያ የሚላቸው ሽማግሌ ጋ ላኩኝ። ሙያቸው የተሳቢ መብራት ነው። ኮንቨርቲብል በእጃቸው ነክተው አያውቁም። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጣሪያው አይደለም።

«ልጄ፣ የታርጋ መብራትሽ ይበራል?»

«አይበራም። አምፖሉ ተቃጥሎ ነው መሰለኝ።»

«አብሽሪ። ኮፈኑን ክፈችው።»

የኋላው ኮፈን ማጠፊያ ላይ ሽቦዎች የሚያልፉበት ጥቁር ጎሚኒ አለ። ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ያው ቦታ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጎሚኒውን በጥፍራቸው ነቅለው ወደ ላይ ሰበሰቡት። አንድ ሽቦ ለሁለት ተበጥሷል፤ የታርጋው መብራት እሱ ነው። አጠገቡ ያለው ቡናማ ሽቦ ግን ላዩ ደህና ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ ሲያደርጉት እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ውስጡ ያለው መዳብ ተቆርጧል፤ የቀረው ላስቲኩ ብቻ ነው። ለመኪናዋ «ኮፈኑ ተዘግቷል» የሚለው ሽቦ ይህ ነበር። ሽቦው ሲበጠስ መኪናዋ ኮፈኑ ክፍት ነው ብላ ታምናለች። ጣሪያው ከኮፈኑ ጋር እንዳይጋጭ ብላ አትነካውም። የፓምፑ ጉዳይ አይደለም፤ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነው።

ሁለቱንም ሽቦ ከተጎዳው ቦታ ራቅ አድርገው ቆረጡ። ለስላሳና ትንሽ ረዘም ያለ ሽቦ ቀጠሉበት፤ አጭር ከሆነ እንደገና ይበጠሳል አሉኝ። በየዱት፣ ላስቲክ አለበሱት። «በይ ተጫኚ።» ተጫንኩ። ከኋላ እምም የሚል ድምፅ መጣ። ጣሪያው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ዞረ፣ የፊት መስታወቱ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። መንገድ ላይ የቆሙ ልጆች አጨበጨቡ። የተከፈለው ሂሳብ የአንድ እቅፍ አበባ ዋጋ አይሞላም።

እዚህ ላይ ልጨርስ እችል ነበር። ግን ከብልሽቱ በላይ የሚያበግነኝ ሌላ ነገር አለ። እንዲህ ያለ ጣሪያ በእጅም እንዲዘጋ ተደርጎ ነው የተሠራው። በእኔዋ መጽሐፍ ላይ በሥዕል ተቀምጧል። ሞተሩ ይጠፋል። ፓምፑ ላይ ያለው ማስተንፈሻ ብሎን ላላ ይደረጋል፤ ካልላላ ዘይቱ ይይዝና ጣሪያው ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ እኩል ያነሱታል። አንድ ሰው በአንድ ጎን ከጎተተው ብረቱ ይጣመማል። ያ ሚዜ ጨርቁን ሊጎትት ሲነሳ የጮህኩበት ለዚህ ነው። በመጨረሻ የፊቱ መቆለፊያ ባለ ስድስት ማዕዘን በሆነች ትንሽ ቁልፍ ይጠበቃል።

ያቺ ቁልፍ የለችም። ማስቀመጫዋ ባዶ ነው። አየህ ደላላው? «ጣት ማሳረፍ ብቻ» ስትል ጣት ሲያቅት የምትተካውን ቁልፍ ማን ጋ አስቀርተህ ነው? ትርፍ ጎማዋን አሳየኸኝ፣ ክሪኳን አሳየኸኝ፣ ሬዲዮዋን እስከ ጥግ ከፈትክልኝ። ያቺን ቁልፍ ብትሰጠኝ ሙሽራዋ ሸራ አትለብስም ነበር። አሁን ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት አስቀርጬ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ አስሬያታለሁ።

ደሴ ለምትኖሩ ሌላም አለ። የጣሪያው ማጠፊያ ሥር ውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ይደፍናቸዋል። ከተደፈኑ ውሃው ወደ ኋላ፣ ፓምፑ ወዳለበት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ፓምፑ የእውነት ይሞታል። እኔ በለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ እጠርጋቸዋለሁ። ደግሞም ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በጠዋት ብርድ ዘይቱ ስለሚወፍር ጣሪያው ዳተኛ ነው። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ያው ጣሪያ ቀልጠፍ ይላል። እሱ ብልሽት አይደለም፤ ጋራዥ ሄዳችሁ ገንዘብ አትበትኑ።

ትግዙ አትግዙ? ነሐሴ ላይ ብትጠይቁኝ ኖሮ በነፃ ውሰዷት እል ነበር። ዛሬ ጥቅምት ነው። ትናንት ጣሪያውን ከፍቼ በሐረጎ ስወርድ ፀሐይ ነበር፣ አደይ ገና አልረገፈም፣ አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ «ቀስ በይ» እያለች ትስቃለች። ስለዚህ ዛሬ አልሸጣትም። ቤታችሁ ሌላ መኪና ካለ፣ ሽቦ የሚያውቅ ሰው ካወቃችሁ ግዙ። ብቸኛ መኪናችሁ ልትሆን ከሆነ ግን ወሎ ውስጥ አትግዙ፤ ክረምቱም በልጉም ያዘንባል።

ያ ደላላ ባለፈው ደውሎ «ገዢ አለኝ፣ ዋጋዋ ጨምሯል» አለኝ። ቁልፏን አምጣና እንነጋገር አልኩት። እስካሁን አልደወለም። የፊታችን ቅዳሜ ሐይቅ ላይ ሠርግ አለኝ። ጠዋት ጦሳ ላይ ጉም ካየሁ ነጩን ሚኒባስ ነው የምልከው።