ከመፍታቷ በፊት የለካችው ቴክኒሻን

ከውጭ ለእረፍት መጥቼ የታናሽ ወንድሜን ኮምፒውተር ማሠራት እኔ ላይ ወደቀ። ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቶ በራሱ እጅ የገጣጠመው ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን 5 5600ኤክስ ነው፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ አብሮት በካርቶኑ የመጣው ትንሹ ኩለር። ቪዲዮ ማቀናበር ሲጀምር ማራገቢያው ይጮሃል፣ ሥራው ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ወንድሜ እንጀራው ከዚህ ኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ ከመመለሴ በፊት መላ ሊበጅለት ይገባል ብዬ ያዝኩት። በዚህ ሰበብ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ነው የምጽፈው። እንደኔ ለአጭር ጊዜ መጥቶ የቤተሰብ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሰው ብዙ ነውና ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ አንድ ጥገና ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። መስተንግዷቸው ጥሩ ነው፣ ወረፋም የለባቸውም። ሥራቸው ላይ ግን በጣም ቅር ተሰኝቻለሁ። ልጁ ኮምፒውተሩን አበራው፣ ኬዙን በእጁ ዳሰስ አደረገው፣ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለን። ወንድሜ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ሲጠይቀው «ይታወቃል፣ ግሏል» ብሎ አለፈው። ቆየት ብሎ ደግሞ «ካልሆነ ፎርማት እናድርገውና እንየው» አለ። ፎርማት የሰውን ፋይል ያጠፋል እንጂ ሙቀት አይቀንስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ገንዘብ ያድናል። በርቶ፣ ዊንዶውስ ከፍቶ የሚሠራ ፕሮሰሰር ተቃጥሏል ማለት ይከብዳል። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ይጠብቃሉ። የወንድሜ ዓይነቱ ጣሪያው 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል። ቀንሶም ሙቀቱ ከቀጠለ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። መንቀራፈፉና መጥፋቱ ይሄው መከላከያ ሥራውን ሲሠራ ነው። ያለ ምንም መለኪያ «ይቀየር» የሚል ሰው ዕቃ ሊሸጥላችሁ ነው ወይም አያውቀውም። ሁለቱም ለእኔ አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩን ይዘን ወጣን።

ቀጥሎ የሞከርነው ቤት ድረስ መጥታ የምትሠራ ቴክኒሻን ነው። ይሄንን አገልግሎት ከልቤ ነው የማመሰግነው። ልጅቷ እንደገባች ዊንዲቨር አላወጣችም። «ጋሼ፣ ከመንካቴ በፊት ልለካው» አለችኝና ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተች። ምንም ሥራ ሳይሠራ 61 ዲግሪ። ከዚያ ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራውን መፈተኛ ፕሮግራም፣ ሲኔቤንችን፣ አስነሳችና ዓይኗን ቁጥሩ ላይ ተከለች። ሙቀቱ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ 90ን አለፈ። ወዲያው 95 ላይ ተሰክቶ ቀረ፣ ፍጥነቱም መውረድ ጀመረ።

ከቁጥሩ ይልቅ አወጣጡን ነበር የምታየው። ምክንያቱን ስጠይቃት ሥራዋን ሳታቋርጥ አስረዳችኝ። ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው፤ ኬዙ ታፍኗል፣ አቧራ ሞልቶታል ወይም ማራገቢያው ደክሟል። ሥራ በነካ ቁጥር እንደ ሚሳኤል ሽቅብ የሚወነጨፍ ከሆነ ግን ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ ወደ ኩለሩ እየተሻገረ አይደለም ማለት ነው። ለማረጋገጥም የኬዙን ጎን ከፍታ ያንኑ ፈተና ደገመችው። አየር እንደልብ እየገባ እንኳ ለውጡ ሁለት ዲግሪ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ጣጣው ያለው ፕሮሰሰሩና ኩለሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ይሄን ሁሉ ያወቀችው አንዲት ብሎን ሳትፈታ ነው።

አፈታቷም ጥንቃቄ ነበረው። በዚህ የኤኤምዲ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ላይ ፒኖቹ፣ ቀጫጭኖቹ የብረት እግሮች፣ ያሉት ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው። በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሐል የሚቀባው ሙቀት አሻጋሪ ቅባት፣ ተርማል ፔስቱ፣ ከደረቀ ደግሞ ኩለሩን አጥብቆ ይይዘዋል። ቀጥ አድርጎ ሽቅብ የሳበ ሰው ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈ ሶኬት ነቅሎ ፒን ሊያጣምም ይችላል። እሷ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ትንሽ አሠርታ ፔስቱ እንዲለሰልስ አደረገች። አጥፍታ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅላ፣ ብሎኖቹን ፈታች። ከዚያ ኩለሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ እያዞረች እንደ መላቀቅ ሲል አነሳችው።

የኩለሩን ሆድ ገልብጣ ስታሳየን ነገሩ ፍንትው አለ። ፔስቱ በአንዱ ጥግ በኩል ስስ ሆኖ ተደፍጥጧል። በተቃራኒው ጥግ ግን እንደተቀባ ወፍሮ ቁጭ ብሏል። ኩለሩ አዘንብሎ ነው የኖረው ማለት ነው። ምክንያቱ ከማዘርቦርዱ (ፕሮሰሰሩ ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ጀርባ ያለው ብረት ነው። ይሄ ኩለር ሲገጠም የፊቱ ፕላስቲክ ስለሚወልቅ የኋላው ብረት ይለቃል፤ በእጅ ተይዞ ካልቆየ አንዱ ብሎን ጥርሱን ሳይዝ ይቀራል። ከላይ ሲያዩት የጠበቀ ይመስላል።

መለዋወጫ ለመግዛት የሄድንበትን ሱቅም መጥቀስ አለብኝ። ትንሹ ኩለር በትክክል ከተገጠመ እንደሚበቃ ቴክኒሻኗ ነግራናለች። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ተብሎ ቢጻፍበትም ሙሉ ጭነት ላይ እስከ 76 ዋት ይስባል፣ ያንን ይችለዋል። ወንድሜ ግን ለሰዓታት ቪዲዮ የሚያወጣ ሰው ስለሆነ ጩኸቱ እንዲቀንስለት ረጅሙን፣ ታወር የሚባለውን ኩለር ፈለግን። ሻጩ ውዱን አውጥቶ አላስቀመጠልንም። በመጀመሪያ የኬዙን ስፋት ጠየቀን። ሳንለካ ስለመጣን ቴክኒሻኗ ጋ ደውለን አስለካን። ታወር ኩለር ብዙ ጊዜ 155 ሚሊሜትር አካባቢ ይረዝማል፤ ጠባብ ኬዝ ላይ ጎኑ አይዘጋም። ቀጥሎ ኩለሩ እንዳይነካው ራሙ (የማስታወሻ ካርዱ) ከፍ ያለ ቆብ እንዳለውና እንደሌለው ጠየቀ፣ ካርቶኑንም ከፍቶ ለሶኬታችን የሚሆነው መያዣ መኖሩን ፊታችን አረጋገጠ። እንዲህ ያለ ሻጭ ደንበኛ ይገባዋል። የማልወደው ነገር፣ መደርደሪያው ላይ ስም የሌላቸው የፔስት ቱቦዎች ነበሩ፤ አንዱን ጨመቅ ሲያደርገው ዘይቱ ተለይቶ ለብቻው ወጣ። እኛ ታሽጎ የመጣ አርክቲክ ኤምኤክስ 4 ወሰድን።

መግጠሙ ፈጣን ነበር። አሮጌውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ጠረገችው። አዲሱን መሐል ላይ ጠብ አደረገች። ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያዞረች አጠበቀቻቸው፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው ኩለር የሚያዘነብለው። የማራገቢያውን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሲፒዩ ፋን ከተባለው ቦታ ሰካችው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብታም ማራገቢያው ሙቀት በጨመረ ቁጥር እየፈጠነ እንዲሄድ አስተካከለችው። አቧራውንም ስትነፋ የማራገቢያውን ክንፍ በጣቷ ይዛ ነው፤ ልቅ ሆኖ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ መዘውሩ ይጎዳል።

ከዚያ ያንኑ ፈተና፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ኬዙ ተዘግቶ ደገመችው። ያለ ሥራ 40 ዲግሪ፣ ሙሉ ጭነት ላይ 68። የበፊቱንና የአሁኑን ስክሪን ፎቶ አንስታ ለወንድሜ ላከችለት። ሊቀየር የተፈረደበት ፕሮሰሰር ያው እሱ ራሱ ነው፣ አሁንም እየሠራ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ደረሰኝም ሆነ የዋስትና ወረቀት አልሰጠችንም። ጠይቀናት «ችግር ካለ ደውሉልኝ» ነው ያለችው። እስካሁን ደውለን ያላነሳችበት ጊዜ የለም፤ ግን እኔ ከባሕር ማዶ ሆኜ ለቤተሰቤ ሌላ ሥራ ላሠራ ብል በእጄ የሚያዝ ነገር እፈልጋለሁ። የሠራችውን፣ የገባውን ዕቃና ለስንት ጊዜ ኃላፊነት እንደምትወስድ በአንድ ገጽ ብትጽፍ ሙሉ ነጥብ እሰጣታለሁ።