«ቲቸር» ስትባል ለምትቆጣው የላብ ቴክኒሺያናችን

ይህን ምስጋና የምጽፈው በሦስታችን ስም ነው። የማታ ተማሪዎች ነን። ቀን ሥራ ውለን 11፡30 ላይ ክፍል እንገባለን። የመመረቂያ ሥራችን ስለ ምናለሽ ተራ የ12 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ነው። መርካቶን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አሮጌው በርሜል ምድጃ ሆኖ የሚወጣበት፣ መዶሻው ጆሮ የሚያደነቁርበት ሰፈር። ቀረጻው ስድስት ቅዳሜ ፈጀብን። ኤዲቲንጉን የሠራነው ኮሌጁ ላብ ውስጥ ነው። የላብ ኮምፒውተር ደግሞ የሁሉም ነው።

ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው የኤዲቲንግ ፕሮግራሙን፣ ፕሪሚየርን ከፈትን። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። «ሚዲያ ኦፍላይን» በብዙ ቋንቋ ተጽፎበታል። አማርኛ የለበትም፣ ግን ገባን፤ ቪዲዮውን አላገኘሁትም ማለቱ ነው። ጓደኛችን ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እኔ ዘግቼ ከፈትኩ፣ ዘግቼ ከፈትኩ።

ቴክኒሺያኗ መጣች። ኪቦርዱን እንኳ አልነካችም። «ትናንት የትኛው ማሽን ላይ ነበራችሁ?» አለች። 7 ቁጥር ላይ ነበርን። ዛሬ ተይዞ 12 ላይ ተቀመጥን። «ክሊፖቹስ የት ናቸው?» ግማሹ ፍላሽ ላይ፣ ግማሹ የ7 ቁጥር ዴስክቶፕ ላይ። ሳቋን ዋጥ ስታደርግ አይቻታለሁ።

ለካ የፕሮጀክት ፋይሉ ቪዲዮውን በውስጡ አይዝም። የት እንደተቀመጠ ብቻ ነው የሚመዘግበው። ፍላሹ 7 ላይ «ኢ» ድራይቭ ተብሎ 12 ላይ «ኤፍ» ሲባል አድራሻው ጠፋበት። ይሄ ቀላሉ ነው፤ «ሊንክ ሚዲያ» ብሎ አንዱን ፋይል ማሳየት ነው፣ አጠገቡ ያሉትን ራሱ ይለቃቅማል። ከባዱ ዴስክቶፑ ነበር። የላቡ ማሽኖች ጠፍተው ሲበሩ «ሲ» ድራይቫቸው እንደነበረ ይመለሳል። ቫይረሱም የተማሪው ፋይልም አብሮ ይታጠባል። በሩ ላይ ተለጥፏል። ማን አንብቦ!

ምስሉ ካሜራው ሚሞሪ ላይ ስለነበር ተረፈ። የጠፋው የትረካው ድምፅ ነው። «በቴሌግራም ለማንም አልላካችሁም?» አለች። ለካ እንዲሰማልን ለአማካሪያችን ልከንለት ነበር! አወረድነው። እኔ ብሆን ይሄ እስከ ንጋት አይታየኝም ነበር።

በማግስቱ ኤክስፖርቱ፣ ያለቀውን ፊልም አንድ ፋይል አድርጎ ማውጣቱ፣ እምቢ አለ። 8 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ላይ ቀጥ። ካሹን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ለጊዜው የሚያጠራቅማቸውን ፋይሎች፣ አጠፋችና ደግመን ሞከርን። እዚያው ላይ ቀጥ። «ሁለቴ አንድ ቦታ ከቆመ ችግሩ እዚያ ቦታ ላይ ነው» አለች። ሄደን ስናይ በስልክ የተቀረጸ ክሊፕ ነው፤ እኛ ደግሞ ኢፌክት በኢፌክት ላይ ጭነንበታል። ለላቡ ግራፊክስ ካርድ ከብዶታል። ፕሮጀክት ሴቲንግ አስገባችንና ሥራውን ወደ ፕሮሰሰሩ፣ «ሶፍትዌር ኦንሊ» ወደሚለው አስዞረችን። ማውዙን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ከኋላ ቆማ በጣቷ ነው የምታሳየው። ቀስ እያለ ሄደ፣ ግን አለፈ። ላብ የሚዘጋው 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ጥበቃው ቁልፉን እያንቃጨለ ሁለቴ ብቅ ብሏል። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አላለቀም። የወጣው ፋይል 4.6 ጊጋ ነው፣ ፍላሹ 32። ባዶ ቦታ ሞልቶት ሳለ አልቀበልም አለ። ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይወስድም። ፎርማት ሲደረግ ፍላሹ ላይ ያለው ስለሚጠፋ፣ ያለንን ሁሉ ወደማይታጠበው «ዲ» ድራይቭ ገልብጠን ፍላሹን ትልልቅ ፋይል ወደሚቀበለው ኤክስፋት ቀየርነው። ገልብጠን መጨረሳችንን ሦስት ጊዜ አስቆጥራናለች።

ቅዳሜና እሁድ የግል ሥራ ትሠራለች። የሰርግ ቪዲዮ ቤት፣ ትንሽ ስቱዲዮ፣ የማሠልጠኛ ላብ ያላችሁ፣ በተለይ ብዙ ሰው በአንድ ማሽን የሚሠራባችሁ፣ አስጠሯት። ዋጋዋን ቀድማ ትናገራለች። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ምላሷ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። ፍላሽ ዝም ብሎ ጎትቶ የሚነቅል ሰው አትወድም።

አስፈቅጃታለሁ፤ ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማታ ማታ ላብ ውስጥ ስለሆነች አታነሳም፣ ቴክስት አድርጉላት። ብቻ እንደ እኛ «ቲቸር» እንዳትሏት። «እኔ አላስተምርም» ብላ ትቆጣለች።