ከፔዳሉ የማይላቀቀውን ጫማ እንዳትገዙት

ባሕር ዳር፣ መራዊ፣ ዳንግላ፣ ደብረ ማርቆስ፣ የትም ሁኑ፣ ሳይክል የምትነዱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ ጫማው ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ የሚያዘውን ዓይነት ያገለገለ ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ። 6,500 ብር ከፍዬ ገዛሁት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ጥፋቱ የእግሬ ሳይሆን የዕቃው ነበር።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ከጫማው ሥር ትንሽ ብረት ትታሰራለች፤ ክሊት ይሏታል። ፔዳሉን ስትረግጡ የፔዳሉ ሞላ ክሊቷን ነክሶ ይይዛታል። ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ነው። እግርን ወደ ላይ መሳብ አያወጣም፤ እንዲያውም የተሠራው ስትስቡ እንዳይለቅ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ማሰሪያ ነው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ለውድድር ሳይክል አወጣው። በዓመቱ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ ታላቁን የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈበት። ሺማኖ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ በ1990 ኤስ ፒ ዲ የሚባለውን ለተራራ ሳይክል አመጣ። እኔ የገዛሁት ይህን የኤስ ፒ ዲ ዓይነት ነው።

ለምን ፈለግሽው ትሉኝ ይሆናል። ለከተማው አያስፈልግም። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ በዘንባባው ሥር በተራ ፔዳል ከቤት ሥራ ቦታ፣ ከሥራ ቦታ ገበያ ይደረሳል። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጢስ ዓባይ መንገድ እወጣለሁ። መንገዱ ሲያንገጫግጭ እግሬ ከፔዳሉ እየተንሸራተተ ቁርጭምጭሚቴን ሲመታኝ ቆይቷል። አብረውኝ ከሚነዱት ሁለቱ ይህን ጫማ ያደርጋሉ። እግራቸው ሲንሸራተት አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ተመኘሁት።

ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ አየሁት። «ኦርጅናል፣ ከውጭ የመጣ፣ ብዙ ያልተነዳበት፣ ጫማና ፔዳል አንድ ላይ» ይላል። ሄድኩ። ሰውየው ትሑት ነው፤ ወንበር አቀረበልኝ። ጫማውን ለካሁ፤ 39 ቁጥር ልክ ሆነኝ። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄድኩበት። ፔዳሉን እዚያው ሳይክሌ ላይ ገጠመልኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ጫማውን ፔዳሉ ላይ አስገብቼ ማውጣቱን ግን አልሞከርኩም። እሱም ሞክሪው አላለኝም።

መጀመሪያ የወደቅሁት ሰፈሬ ውስጥ ነው። ፍሬን ይዤ ቆምኩ፤ እግሬ መያዙን ረሳሁት፤ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደ ጎን ሄድኩ። ይህኛው የእኔ ነው፤ አልክድም። ሁለተኛው ግቢያችን በር ላይ ነው። ያኔ አልረሳሁም። ተረከዜን አዞርኩ። ዞረልኝ። ግን አልለቀቀም።

ሦስተኛው ዋናው መንገድ ላይ ሆነ። ከፊቴ ያለው ባጃጅ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ቀደም ብዬ ቀኝ ተረከዜን አዞርኩ። አሁንም ዞረ፤ መዞሩ ይሰማኛል። እግሬ ወጣ ብዬ ክብደቴን ወደ ቀኝ ጣልኩ። አልወጣም ነበር። በክርኔና በጉልበቴ አስፋልቱ ላይ አረፍኩ። ከኋላዬ የነበረው ባጃጅ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ሁለት ወጣቶች ሳይክሉን ከእነ እግሬ አነሱት። እግሬ ሊወጣ የቻለው የጫማውን ማሰሪያ ስፈታ ነው። ጫማው ፔዳሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ይህን አስታውሱ፦ ከተያዛችሁና አልለቅ ካለ አትታገሉ፤ ጫማውን ፈትታችሁ እግራችሁን አውጡ።

ለሻጩ ደወልኩ። «እህቴ፣ ገና አልለመድሽውም እኮ። ይህን ጫማ ሲጀምር ያልወደቀ የለም» አለኝ። ድምፁ የሚያጽናና ነበር። አመንኩት። ጓደኞቼም ያው ነው ያሉኝ። ይህ ቃል አደገኛ የሆነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ጀማሪ ይወድቃል፤ አዎ። ግን ጀማሪ የሚወድቀው ማዞሩን ሲረሳ ወይም ሲዘገይ ነው። አዙሮ የማይለቅለት ሰው ልምድ አይደለም የጎደለው። ሁለቱን የሚለይ ሰው ካልነገራችሁ፣ የተበላሸ ዕቃ ይዛችሁ «እስክለምድ» እያላችሁ መንገድ ትወጣላችሁ።

የለየልኝ ሳይክሌን ሁልጊዜ የሚያዩልኝ ጋሼ ናቸው። ይህን ዓይነት ፔዳል በእጃቸው ይዘው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ብሎን ግን ያውቃሉ። በካቻቢቴ ሞላውን ወደ ኋላ ገፍተው ጫማውን አላቀቁት። ከዚያ ገልብጠው ክሊቷን በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጓት። ተንቀሳቀሰች። የግራውን ገፉ፤ ንቅንቅ አላለም።

ክሊቷን ጫማው ላይ የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው። በቀኙ ጫማ የፊተኛው ብሎን ጭንቅላቱ ብቻ ነው ያለው። የሚገባበት ጥርስ ተበልቶ አልቋል፤ ከላይ በማጣበቂያ ተለጥፎ ሙሉ መስሏል። ስለዚህ ክሊቷ በአንድ ብሎን ብቻ ተይዛ ነበር። በአንድ ምስማር የተመታ እንጨት አይታችሁ ከሆነ፣ ምስማሩን ዙሮ ይሽከረከራል እንጂ አይነቀልም። የእኔም እንዲሁ ሆነ። ተረከዜን ሳዞር ጫማው በአንዱ ብሎን ዙሪያ ይዞራል፤ ክሊቷ ግን ፔዳሉ ውስጥ እንደተነከሰች ቀጥ ብላ ትቀራለች። «ልጄ፣ አንቺስ አዙረሻል። ያልዞረው ብረቱ ነው» አሉኝ። ዕንባዬ መጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እግሬን ነበር የምጠረጥረው።

ሌላም አገኙ። የፔዳሉን ሞላ የሚያጠብቅና የሚያላላ ትንሽ ብሎን አለ። በቀኙ ፔዳል በኩል እስከ መጨረሻው ጠብቋል፤ ቁልፍ የሚገባበት ጭንቅላቱም ተልጦ ክብ ሆኗል። ማላላት አይቻልም። ለጀማሪ ደግሞ መላላት ያለበት ይህ ብሎን ነው።

የሻጩን ስም አልጠራም። እሱ ራሱ ከማን እንደገዛው አላውቅም። እንዲህ ያለው ዕቃ ግን በእጅ እየተላለፈ ብዙ ሰው ጋ ሊደርስ ስለሚችል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ።

ጫማውን ገልብጡት። ክሊቷን በአውራ ጣታችሁ በሙሉ ኃይል ግፉ፤ ትንሽም ብትነቃነቅ ተዉት። 4 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትታችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ሻጩ «ምነው አላመንሽኝም?» ቢል አትፈሩ። ዕቃው ደህና ከሆነ ብሎን መፍታት አያበላሸውም። እኔ ያን ቀን ይህን ባደርግ ማጣበቂያው ወዲያው ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ጫማውን በእጃችሁ ይዛችሁ ፔዳሉ ላይ አስገቡት፤ ተረከዙን አዙራችሁ አውጡት። ቀኙን አሥር ጊዜ፣ ግራውን አሥር ጊዜ። በዚህኛው ፔዳል ሁለቱም ገጽ ክሊት ይይዛል፤ እያንዳንዱም ገጽ የራሱ ማጥበቂያ ብሎን አለው። ስለዚህ አራቱንም ገጽ ሞክሩ። ማጥበቂያዎቹን በ3 ሚሊ ሜትር ቁልፍ አላሏቸው፤ መዞራቸውን በዓይናችሁ እዩ። እዚያው ሱቅ ውስጥ በእጅ ያልለቀቀ ጫማ መንገድ ላይ በእግር አይለቅም።

ክሊቱና ፔዳሉ እርስ በርስ መግጠማቸውንም አረጋግጡ። ባለ ሁለት ብሎንና ባለ ሦስት ብሎን ዓይነት አለ። ባለ ሦስቱ የውድድር ሳይክል ነው፤ ክሊቱ ትልቅ ፕላስቲክ ነው። ከባለ ሦስቱ የሺማኖው ኤስ ፒ ዲ ኤስ ኤልና የሉኩ ኬኦ የሚባሉት ጫማው ላይ የሚታሰሩት በአንድ ዓይነት ሦስት ቀዳዳ ነው። አንዱ በሌላው ፔዳል ግን አይሠራም። «ሦስት ቀዳዳ ነው፣ ይገጥማል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትቀበሉ። ለእኛ አገር መንገድ ደግሞ ባለ ሁለቱን እመርጣለሁ። ብረቷ ከጫማው ሶል ወደ ውስጥ ስለምትገባ ወርዶ መሄድ ይቻላል። ፕላስቲኩ ግን ኮብልስቶን ላይ ሲረገጥ ቶሎ ያልቃል፤ ያለቀ ክሊት ደግሞ ሳታስቡት ይለቃል። በክረምት ጭቃ ባለ ሁለቱም ቢሆን ይታፈናል። ፔዳሉ ውስጥ ጭቃ ካለ በእንጨት ጠራርጋችሁ እንጂ እንዲሁ አትርገጡት።

ፔዳሉን ሲገጥሙላችሁም ቆማችሁ እዩ። የግራው ፔዳል ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በጉልበት ካስገባው ፔዳሉ የሚገባበትን ክንድ ጥርስ ይጨርሰዋል።

ጋሼን ይዤ ሻጩ ጋ ተመለስኩ። እሳቸው ብሎኑን በመዳፋቸው አስቀምጠው አሳዩት። አልተከራከረም። «እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት» አለ። 4,000 ብር መለሰልኝ፤ ዕቃውን ተቀበለኝ። ቀሪው ቀረብኝ።

በኋላ አዲስ ፔዳልና ጫማ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ክሊቱን ኤስ ኤች 56 የሚባለውን አደረግሁ። ከተለመደው ኤስ ኤች 51 የሚለየው ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን እግርን ወደ ላይ ነጠቅ ሲያደርጉም መልቀቁ ነው። ለጀማሪ ይህን እመክራለሁ። ማጥበቂያዎቹን ሁሉ አላላሁ። መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፌ አንድ እግር ብቻ፣ ከዚያ ሌላውን፣ መቶ ጊዜ ያህል አስገብቼ አወጣሁ። ቀጥሎ ሣር ያለበት ሜዳ ሄድኩ። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚወጣውን አንድ እግር መረጥኩ፤ የእኔ ግራው ነው። ለመቆም ሳስብ፣ ገና ሳይክሉ እየሄደ፣ ግራው ፔዳል ታች ሲደርስ ተረከዜን አዞራለሁ። ከዚያ መሪውን ለቅጽበት ትንሽ ወደ ቀኝ እመልሰዋለሁ፤ ያኔ ክብደቴ ወደ ግራ ወደ ወጣው እግር ይሄዳል። ሰው የሚወድቀው አንዱን እግር አውጥቶ ሳይክሉ ባልወጣው በኩል ሲዘነብልበት ነው። ካምብዮውንም ሳልቆም አቀላለሁ፤ ስነሳ አንድ ርግጫ ወደፊት እንዲወስደኝ። ዳገት ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ኃይላችሁ ሳያልቅ ቀድማችሁ አውጡ። ጉልበት ሲያልቅ ፔዳሉ ይቆማል፤ ያኔ ለማዞር ጊዜ የለም።

እስካሁን አልወደቅሁም። ባለፈው ቅዳሜ ጢስ ዓባይ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ይህን ዛሬ የምጽፈው ለምን መሰላችሁ? ያው ጫማ ትናንት እንደገና ለሽያጭ ተለጥፎ አየሁት። «ኦርጅናል፣ ብዙ ያልተነዳበት» ይላል። ለሻጩ ጻፍኩለት፤ አልመለሰልኝም። ጥቁር ነው፣ 39 ቁጥር። የቀኙ ጫማ ውጨኛ ጎን አስፋልት ፍቆታል፤ የወደቅሁበት ነው። ፎቶው የግራውን ብቻ ነው የሚያሳየው። የቀኙን ጫማ ገልብጦ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ የፊተኛዋ ብሎን ቀዳዳ ዙሪያ የደረቀ ማጣበቂያ አለ።