ቆሻሻ ሲደፋ ብናይ፦ ስልክ ወይስ ማመልከቻ?

አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት ሲኖትራክ መጥቶ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ወንዝ ዳር ገልብጦ ይሄዳል። ጠዋት ስንነሳ ግማሹ ቱቦ ውስጥ ገብቷል። ለማን እንንገር?

አንደኛው መንገድ ለደንብ ማስከበር መደወል ነው። መኪናው ገና እየደፋ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ምን ብሎ ይክዳል? ሰሌዳውን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ንገሩ። ችግሩ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እጃችሁ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

ሁለተኛው ወረዳ ሄዶ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ያደክማል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ሁለት ቀን ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ፎቶ አያይዤ ማመልከቻዬን መዝገብ ቤት አስገባሁ። በጊዜው ይሠራበት የነበረውን የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999ንም ጠቅሼ ነበር። እኔ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም አስመታሁ። በሳምንቱ ያንን ወረቀት ሳሳይ «አልደረሰንም» ያለኝ ሰው የለም። ፋይሉ ወዲያው ወጣ።

ተከምሮ ለቆየ ቆሻሻ እኔ ወረቀቱን እመርጣለሁ፤ ያውም ክረምት ሳይገባ። ቱቦው ከተደፈነ ጎርፉ የሚገባው ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ቤት ነው።