ሞተሩ አምስት ኮከብ፣ ገጠማው ሁለት

ቮልሴ በፈረንጆቹ 1965 የተሰራች ናት፣ ከአባቴ የወረስኳት። ሞተሯ 1200 ሲሲ ነበር። ከፋብሪካ ስትወጣ ጉልበቷ 34 ፈረስ ነው፤ እሱም ለባህር ጠረፍ አገር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ከዚያችው 34 ላይ ሩብ ያህሉን ከፍታው ይበላዋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ ሚኒባስ ከኋላዬ ጡሩምባ እየነፋ ነበር የምንደርሰው።

እናም 1776 ሲሲ ላሰራላት ወሰንኩ። የ1600 ባዶ ሞተር ቤት ከአንድ አሮጌ ቮልስ ገዛሁ። ባለ 90.5 ሚሊሜትር ፒስተንና ሲሊንደሩን፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅሉትን ሁለቱን ዌበር ካርቡራተር ደግሞ እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ በሻንጣ ይዛልኝ መጣች። ሲሊንደሩ ብቻውን የአንዱን ሻንጣ ኪሎ ጨረሰው። እናቴ ያዘዘችው ጫማ እዚያው ቀረ፣ እስካሁን ይነሳብኛል።

የጋራዡን ስም አልጠራም። ለምን እንደሆነ ስታነቡ ይገባችኋል።

ውስጡን የሰሩት ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ለዚህ ሲሊንደር ሞተር ቤቱም ቴስታታውም (የሲሊንደሩ ክዳን) ቶርኖ ቤት ገብቶ ቀዳዳው መስፋት አለበት። አብረው ሄደው ማሽኑ አጠገብ ቆመው አሰሩት። እኔን የማረከኝ ግን ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ላይ ያዩት ነገር ነው። ወደፊትና ወደኋላ የሚኖረው ልቅነት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፣ የፀጉር ውፍረት በሉት። የሚስተካከለው በሦስት ስስ ቀለበቶች ነው። ጋሼ አንዱን አውጥተው ሌላ ይከታሉ፣ መለኪያውን ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደገና ይፈታሉ። አራት ጊዜ። ረዳቱ ልጅ ሰለቸውና «ጋሼ፣ አሁን እኮ ደህና ነው» አላቸው።

«ደህና ማለት ስንት ሚሊ ነው?» አሉት፣ መነጽራቸውን ሳያነሱ።

ከዚያ ገጠማው፣ ሞተሩን መኪናዋ ላይ መልሶ ማሰሩ፣ ለሌሎቹ ልጆች ተሰጠ። ጋሼ ወገባቸውን ስለሚያማቸው መኪና ስር አይገቡም። ጣጣዬም የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነው። እጁ የለመደ ሰው በግማሽ ሰዓት ያወርደዋል። የኔዋ ግን ባለ 6 ቮልት ናት፤ ካምቢዮዋ የተሰራው ባለ 109 ጥርስ ለሆነው ለትንሹ ፍላይዊል (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ጥርሳም ጎማ መሳይ ብረት) ነው። የአዲሱ ሞተር 130 ጥርስ አለው፣ ሰፊ ነው። ስለዚህ የካምቢዮው ቤት ከውስጥ መሞረድ፣ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖም መቀየር ነበረበት። ልጆቹ ይህን አላዩም። ሞተሩ አልገባ ሲላቸው በብሎን ስበው አስገቡት። ሲያስነሱት ቡና ወፍጮ ውስጥ ሚስማር የገባ ነው የሚመስለው። ወረደ፣ ተሞረደ፣ ተመልሶ ገባ።

ሁለተኛው ጥፋት ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ቮልስ ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና ዳር ዳሩን የሚዞረው የጎማ ማሸጊያ ከስር ያለው ትኩስ አየር ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላሉ። ልጆቹ ማሸጊያውን ጎማ «አርጅቷል» ብለው ጥለውታል። አንዱን ላሜራም ሳይመልሱት ቀርተዋል። ምስኪኑ ሞተር የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስብ ነበር። ከቢሾፍቱ ስመለስ ቃሊቲ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም የዘይቷ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ዳር ይዤ አጠፋሁት። የዘይት መለኪያውን ስመዘው ጣቴን ለበለበኝ፣ ዘይቱም እንደ ውሃ ነው የሚንጠባጠበው።

በማግስቱ ጋሼ የኋላውን ክዳን ከፍተው አዩና ዝም አሉ። ከዚያ ልጆቹን ጠርተው ያሏቸው ነገር እዚህ አይጻፍም።

ካርቡራተሩም ነዳጅ ይበዛበት ነበር፤ የመጣው ለቆላ ተስተካክሎ ነዋ። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ከሰል መስሎ ወጣ። አነስ ያለ ጄት (ነዳጅ የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ሲገባለት የለውዝ ቅርፊት መልክ ያዘ።

ሦስት ሳምንት ተብዬ አራት ወር ፈጀ። ለእጅ 48,000 ብር ከፈልኩ፤ ጋሼ ለሰሩት አይበዛም። ለድጋሚ ገጠማው ሳንቲም አልጠየቁኝም፣ ይህንንም ልመስክር። የሞተር ቁጥሩ ስለሚቀየር የሊብሬ ጉዳይ አለ፤ ሳትጀምሩ ጠይቁ።

አሁን እንጦጦን በሁለተኛ እወጣለሁ፣ ለጥ ሲል ሦስተኛ አስገባለሁ። ሚኒባሱ ዛሬም ከኋላዬ ነው፣ ጡሩምባው ግን የለም። ቁልቁለቱ ላይ ነው የምጠነቀቀው፣ ፍሬኑ ያው የ1965ቱ ነው።

ቫልቭ ለማስተካከል ባለፈው ሳምንት ለጋሼ ደወልኩላቸው። ክፍተቱ 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ የሚለካውም ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው። «ማታ አምጥተህ አሳድራት፣ ሙቅ ይዘህብኝ እንዳትመጣ» አሉኝ። አሳድራለሁ። ጠዋት ሳወጣት ግን የእጅ ባትሪ ይዤ የሞተሩን ማሸጊያ ጎማ ዙሪያውን በጣቴ ዳብሼ ነው የምቀበላት።