ባዶ ዲስክ ይዤ «ቦታ የለም» ስባል የከረምኩባቸው ስምንት ወራት

ጎተራዬ ባዶ ነው እንበል። የተወቃው ጤፍ ደጅ ተከምሯል። ላስገባው ስል አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ቦታ የለም» ቢለኝ ምን ልለው ነው? ስምንት ወር እንደዚያ ስባል ከረምኩ። መልሴ ዲስኩን ነቅሎ መልሶ መሰካት፣ ከዚያ «ነገ አየዋለሁ» ብሎ መነሳት ነበር።

ዕቃው 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። የገዛሁት ሚያዝያ 2017 ላይ፣ ፋሲካ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። 7,500 ብር። ከበጉ ብር ላይ ቆርጬ ስለሆነ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ዋጋውን የምትቆጥረው በበግ ነው።

ሻጩ አፉ ማር ነው። «ወንድሜ፣ ይሄን ሰክተህ ዝም ነው። ኮምፒውተሩ ቢሞት፣ ቢሰረቅ፣ ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ዊንዶውሱ ራሱ ሳይቀር ይመለሳል። ደግሞ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት ላይ ሊያበቃለት ነው፤ ሳይቀድምህ ቅደመው» አለኝ። የመጨረሻዋ እውነት ናት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። «ሰክተህ ዝም» በምትለዋ ግን እስከ ዛሬ ማታ ማታ እከራከረዋለሁ። እሱ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አሸንፈዋለሁ።

ለምን እንደገዛሁት ልንገራችሁ። አባቴ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥረዋል። ዛሬም ድግስ ላይ ሰው ሰብሰብ ሲል አንድ ጉባኤ ቃና ጣል ያደርጋሉ። ሁለት ቤት ብቻ ናት። ሳል ይዞህ ወጣ ካልክ አመለጠችህ። ሦስት ዓመት በስልኬ እየቀዳሁ 46 ድምፅ አጠራቅሜ ቤት ያለው ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጫለሁ። እሳቸው አይወዱልኝም። ቅኔ ለዕለቱ ተዘርፎ ለዕለቱ የሚቀር ነው፣ የትናንቱን ማምጣት የሰነፍ ሥራ ነው ባይ ናቸው። «ምን ያደርግልኸል?» ይሉኛል። እንግዲህ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በሚባል ነገር ለማያምኑ ሰው ነው ባክአፕ ላደርግላቸው የተነሳሁት።

ስለ ዲስኩ ስለ ራሱ ብዙ የምለው የለኝም። ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም፣ አንዴ ከጠረጴዛ ወድቆም ተርፏል። 1 ቴራ ተብሎ 931 ጊጋባይት ሲያሳያችሁ ሻጭ ጋ ለጠብ እንዳትሄዱ። አምራቹ በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው። ሲመጣ ፎርማቱ፣ ማለትም ፋይል የሚደረደርበት ስልት፣ ኤክስፋት የሚባለው ነበር። ሲስተም ኢሜጅ (ዊንዶውሱን ከነፋይሎቹ እንዳለ የሚያነሳው ባክአፕ) ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ፎርማት ካልሆነ አይቀበልም፤ ቀየርኩት። ኬብሉ አጭር ነው። በቃ።

ጣጣው የመጣው ባክአፑን ሳስጀምር ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኮንትሮል ፓነል ስትገቡ «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር፣ ዊንዶውስ 7» የሚል ታገኛላችሁ። ስሙ ላይ ያለው 7 ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ማይክሮሶፍት በፈረንጆች 2017 ላይ «ይህን የሲስተም ኢሜጅ ከእንግዲህ አላሻሽለውም፣ ሌላ ፈልጉ» ብሎ ነበር። ግን አልነቀለውም። ጡረታ ወጥቶ ጠዋት ጠዋት ቢሮ የሚመጣ ሰው በሉት።

አስጀመርኩት። አረንጓዴዋ መስመር ትንሽ ሄደችና ቆመች። ባክአፑ አልተሳካም፣ ሻዶው ኮፒ (ባክአፑ የሚቀዳበት የቅጽበት ቅጂ) ለመፍጠር በቂ የዲስክ ቦታ የለም አለኝ። ከሥሩ ዜሮ ኤክስ ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ፤ 80780119። ዲስኩን አየሁት። 931 ጊጋ፣ ባዶ። ዊንዶውሱ ያለበትን ሲ ድራይቭ አየሁት። 140 ጊጋ ክፍት ነው። ታዲያ ቦታ የጠበበው ማን ጋ ነው? አይናገርም። እንደ ሰፈር ሐሜት «አንድ ሰው አለ» ብሎ ስሙን ይውጠዋል።

እኔም ዲስኩን ጠረጠርኩት። አዲስ ገቢ እሱ ነዋ። ከፊት ካለው ዩኤስቢ ወደ ኋላው አዛወርኩት። ሁለቴ ፎርማት አደረግሁት። አንድ ሶፍትዌር የሚጭን ልጅ «ፌክ ነው፣ ሲሞላ ያጠፋብሃል» አለኝ። ፌክ ዲስክ ገበያው ላይ መኖሩ እውነት ነው። ትንሽ ሚሞሪ ይዞ ትልቅ ነኝ ይላል። ለዚህ የሚሆን ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩን እስከ አፉ ይሞላውና የጻፈውን መልሶ ያነባል። ሌሊቱን ሙሉ አስሮጥኩት። ንጹህ ነው፣ አንድ ባይት አልጎደለም። ዲስኬን በሰው ወሬ ስላማሁት ትንሽ አፈርኩ። ከዚያ ተውኩት። ግንቦት አለፈ፣ ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል አለፈ። ዲስኩ እንደተሰካ ሰማያዊ መብራቱን ብልጭ ያደርጋል። ብልጭታዋን ሳይ ሥራ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ማታ መብራት ሄደ። መጣ። እንደገና ሄደ። ኮምፒውተሩ አፕዴት እየጫነ ነበር። ዴስክቶፕ ነው፣ ባትሪ የለው፣ መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ዩፒኤስ የለው። ሲመለስ ሰማያዊ ገጽ ብቻ። ፒሲው መጠገን አለበት፣ በመጫኛ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ያለውን የሪከቨሪ መሣሪያ ተጠቀም፣ ከሌለህ የሲስተም አስተዳዳሪህን አነጋግር ይላል። የቤታችን ሲስተም አስተዳዳሪ ቡና እያፈላች ነበር። አነጋገርኳት። «በጉን ብትገዛ ኖሮ» አለችኝ።

እንደ ወጉ ቢሆን ዊንዶውስ መነሳት ሲያቅተው ራሱ ወደ ሪከቨሪው ይገባል። ለዚህ ሲባል ዲስኩ ላይ የተደበቀች ትንሽ ክፍል፣ ሪከቨሪ ፓርቲሽን የምትባል አለች። እንደ ሲ ያለ ፊደል ስለሌላት ማይ ኮምፒውተር ስትከፍቱ አትታይም። የእኔዋ ተጠርታ አልመጣችም።

የጎረቤታችንን ልጅ አስጠራሁት። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው።

«ጋሼ፣ ባክአፕ አላደረጉም እንዴ?»

«አድርጌአለሁ እንጂ!»

ዲስኩን ተቀብሎ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። «ዊንዶውስ ኢሜጅ ባክአፕ» የሚል ፎልደር አለ። ልቤ መለስ አለ። ከፈተው። ሌላ ፎልደር። ከፈተው። ጥቂት ኪሎባይት የሆኑ ፋይሎች፣ ሌላ ምንም። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። ቆይቶ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ደረሰኙ ብቻ ነው፤ ዕቃው የለም» አለኝ። ያን ማታ ስለ ዲስኩ ብጽፍ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ስድብ ብቻ ነበር የሚሆነው። ሻጩንም በሐሳቤ ሱቁ ድረስ ሄጄ አንቄዋለሁ።

8 ጊጋ ፍላሽ ሰጠሁት። የዊንዶውስ መጫኛ አውርዶ እንዲሠራልኝ። ኔቱ ሲመጣ ሲሄድ ሁለት ሌሊት ፈጀበት። ክላውድ ላይ አስቀምጥ የምትሉኝ ሰዎች፣ እዚህ ጋ አንብባችሁ እለፉኝ።

ቀጥሎ ያለችውን ብልሃት ግን ያዙልኝ። ከፍላሹ አስነሳን። መጫኛው ሲመጣ «ጫን» የሚለውን አልነካንም። ሺፍት እና ኤፍ 10 ስትጫኑ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ ኖትፓድ ብሎ ጻፈ። ያው ተራው ማስታወሻ መጻፊያ ነው። ፋይል፣ ኦፕን፣ ከዚያ ከታች «ሁሉም ፋይሎች» የሚለውን መረጠ። ይኸው በጓሮ በር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባን። ሲ ድራይቭን ከፈተ። ባዶ ነው። የእኔ ስም የለ፣ ፎቶ የለ፣ ቅኔ የለ። ጉልበቴ ከዳኝ። ልጁ ግን ሳቅ አለ። «እዚህ ሲገባ ፊደሎቹ ይቀያየራሉ ጋሼ። የእርስዎ ሲ እዚህ ዲ ሆኗል።» ዲን ከፈተ። አሉ። 46ቱም። ኮፒ አድርጎ ኤክስተርናሉ ላይ ሲለጥፋቸው ቡናው ሁለተኛው ላይ አልደረሰም።

እኔ ግን ዓይኔ ያችኛዋ ባዶ «ሲ» ላይ ቀረ። ሁሉ ነገሯ 450 ሜጋባይት ነው። ክፍት ቦታዋ 13። ስምንት ወር ሙሉ ስሙ ያልተጠራው «አንድ ሰው» እሷ ነበረች፤ ሪከቨሪ ፓርቲሽኗ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሲስተም ኢሜጅ ሲ ድራይቭን ብቻ አይደለም የሚያነሳው። ዊንዶውስ የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ሁሉ አብሮ ያነሳል፣ ሪከቨሪዋንም ጭምር። ከማንሳቱ በፊት በየክፍሉ ሻዶው ኮፒ ይሠራል፤ ለዚያ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ትርፍ ቦታ ይፈልጋል። ከ500 ሜጋባይት በታች ለሆነ ክፍል ቢያንስ 50 ሜጋ። ከ500 በላይ ለሆነ 320 ሜጋ። የእኔዋ 13 ነው ያላት። 931 ጊጋ ባዶ ዲስክ አጠገቧ ተቀምጦ እሷን አይጠቅማትም። ደግሞ «ትንሽ ላስፋት» ብዬ 550 ባደርጋት ኖሮ 320 ክፍት ልትጠየቅ ነው፤ ይብሳል።

በእኔ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በጃንዋሪ 2024 ማይክሮሶፍት ያወጣው ኬቢ5034441 የሚባል አፕዴት ብዙ ሰው ላይ አልጫን ብሎ ነበር፤ ቁጥሩ 80070643። ምክንያቱ ያው የሪከቨሪ ክፍሏ መጥበብ ነው። ኩባንያው ክፍሏን በ250 ሜጋባይት አስፉ ብሎ በእጅ የሚሠራ መመሪያ አወጣ። በእጅ! እናቴ ኮምፒውተር ቢኖራት ዲስክ የሚከፋፍለውን ዲስክፓርት ልታስከፍቷት ነው?

ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ላይ ቼክዲስክ እና ስታርትአፕ ሪፔር (የዲስክ ምርመራና የማስነሻ ጥገና) ከተደረገለት በኋላ ተነሳ። ከዚያ ክፍሏን ሠራን። በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ሪኤጀንትሲ ኢንፎ (reagentc /info) ብላችሁ ስትጽፉ ሪከቨሪው በሕይወት አለ የለም ይነግራችኋል። የእኔ «ዲስኤብልድ» አለ። መቼ እንደሞተ እንጃ። የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሲስተም 32፣ ሪከቨሪ የሚለው ጋ ዊንአርኢ የሚባል የሪከቨሪው ፋይል መኖሩን አረጋገጥን። እሱ ከሌለ ክፍሏን አትንኩ። ከዚያ ሲ ድራይቭን ከጫፉ 1,000 ሜጋ አሳንሰን፣ አሮጌዋን ሰርዘን፣ አዲስ ሪከቨሪ ክፍል እዚያ ሠራን። መጨረሻ ላይ ሪኤጀንትሲ ኢኔብል (reagentc /enable)። «ኢኔብልድ» ሲል ልጁ እጁን ዘረጋልኝ፤ ተጨባበጥን። ዲስክፓርት ላይ ግን ቁጥር ስትመርጡ ትንፋሻችሁን ያዙ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ኤክስተርናሉን ነቅለን ነው የሠራነው፤ በስህተት እሱን እንዳንሰርዝ።

ያን ማታ ባክአፑን እንደገና አስጀመርኩት። አረንጓዴዋ መስመር ድሮ የምትቆምበት ጋ ስትደርስ ባለቤቴ እንኳ ስኒ ይዛ ቆማ አየች። አለፈችው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተጠናቀቀ። ፎልደሩን ከፍቼ መጠኑን አየሁ፤ ከመቶ ጊጋ በላይ። ደረሰኝ ብቻ አይደለም። ቅኔዎቹን ግን ኢሜጁን ሳላምን ለብቻቸው በተራ ኮፒ ፔስት ደግሜ አስቀመጥኳቸው።

እና ግዙት ነው አትግዙት? ትናንት ብትጠይቁኝ ግዙት እል ነበር። ዛሬ ጠዋት ኬብሉ ነቀነቅ ሲል ዲስኩ ጠፍቶ ተመለሰብኝ። ያው ሰፊ አፍ ያለው ዓይነት ኬብል ነው፤ ማርቆስ ላይ አምስት ሱቅ ዞሬ «የስልኩ አይሆንም?» ከመባል በቀር አላገኘሁም። ስለዚህ ዛሬ ተናድጃለሁ። ዲስኩ ግን ጥፋት የለበትም፤ ይሄን ለመናገር ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሻጩን አሁንም አልማርኩትም። «ሰክተህ ዝም» ከማለት «ሰክተህ፣ ሲጨርስ ከፍተህ እይ» ቢል ምን ይጎዳው ነበር? ሁለት ቃል ናት የጨመርኩለት።

ያም ሆኖ ዲስኩን አባቴ ቤት ወሰድኩት። ሌባም መብራትም እኔ ቤት ቢመጣ እዚያ ይተርፋል ብዬ ነው። በወር አንዴ፣ ለማርያም ዝክር ስሄድ አምጥቼ አድሳለሁ። ዳዊታቸውን የሚያስቀምጡበት ሣጥን አለ፤ እዚያ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ አስገባሁት።

«ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ቅኔ ነው፣ አባ። 46ቱም።»

እያገላበጡ አዩት። መዘኑት። «የተበላ ቅኔ ምን ሊሆን» አሉና ሣጥኑን ዘጉ። ልወጣ ስል ከበሩ መለሱኝ።

«ክረምት ላይ ይሻግታል ወይ? ከመጽሐፎቹ ጋር ፀሐይ ላውጣው?»