ገነተ ልዑልን ከአክስቴ ጋር

ቅዳሜ ዕለት ከደብረ ማርቆስ የመጡትን አክስቴን ይዤ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ላሳያቸው ብዬ ነው። ሕንፃው የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው።

አክስቴ ስሙን ሲሰሙ ቆም አሉ። "ገነት ነው ያልሽኝ? መንግሥተ ሰማያት አላሉትም?"

"ልዩነት አለው እንዴ፣ እትዬ?"

"እንዴታ! ገነት ማቆያ ናት። የጻድቃን ነፍስ እስከ ዕለተ ምጽአት እዚያ ትቆያለች። መንግሥተ ሰማያት ከዚያ ወዲያ የሚወረስ ርስት ነው። ደግሞ አዳም ከገነት ወጥቷል። ከመንግሥተ ሰማያት የሚወጣ የለም።"

ሁለቱን ቃላት እስከዛሬ አንድ አድርጌ ነበር የምጠራቸው። ከዚያ በኋላ ቤቱን ያየሁት በእሳቸው ዓይን ነው።

አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚህ ነው። ፊት ለፊቱ ጣሊያን የሠራው፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። እያንዳንዱ እርከን ለአንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት ነው ይባላል። አክስቴ በጣታቸው ቆጠሩት። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ መቀመጡን ሲያዩ "እሰይ!" አሉ።

ውስጡን በጣም ወደድኩት። ዕቃው የተደረደረው በሰው ልጅ ዕድሜ ነው፤ ከልጅነት ተነስቶ እስከ ሞት። ሰው የራሱን ቤት ዕቃ እዚያ ያገኛል። አክስቴ ስፌቱን እያዩ የትኛው አገር እጅ እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር። ፎቅ ላይ ያሉት የጥንት ሥዕለ አድኅኖዎች ጋ ስንደርስ ነጠላቸውን አስተካክለው ተሳለሙ።

የጃንሆይ መኝታ ቤትም አለ። መስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ ይታያል፤ የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ትዝታ ነው። ያኔ የታገቱ ባለሥልጣናት በዚሁ ቤተ መንግሥት ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። አክስቴ መስታወቱ ፊት ብዙ ቆዩ።

"እሳቸውም ወጡ" አሉ ቀስ ብለው።

ስንወጣ ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። ገነት በግእዝ የአትክልት ቦታም ማለት ነው፤ ጥላው ውስጥ ሆኖ ነገሩ ይገባል። ወላጆቻችሁን ውሰዱ። ጉልበት ለሚያማቸው ደረጃው ስለሚበዛ ሁለት ሰዓት ያዙ፤ አታጣድፏቸው።